ሳል የማይነካቸው ዶሮዎች

አንድ መድኃኒት አዋቂ ነበረ። በአገሩ ክፉ ሳል ገብቶ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ይጥል ጀመር። ሰውየው ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ሳሉ የወንዙን ማዶ ጨርሶ ወዲህ መሻገሩን ሲሰማ እህል አልወርድ አለው።

ሥር ምሶ፣ ቅጠል ቀጥቅጦ፣ ሳሉን አስቀድሞ ይከላከላል ያለውን መድኃኒት ቀመመ። ግን ሞኝ አልነበረም። «ያልተሞከረ ነገር በልጄ ጉሮሮ አይወርድም» አለና ለዐሥር ዶሮዎቹ አጠጥቶ፣ ሳል የጣለው ጎረቤቱ ቤት ቆጥ ላይ አሳደራቸው። ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ። አንዲቷም አልሳለችም።

ደስታው ልክ አልነበረውም። ወሬው ተዛምቶ ሰው በደጁ ተሰለፈ። እሱም «ከልጄ ልጀምር» ብሎ ዋንጫውን ወደ አፏ ሲያስጠጋ፣ ከተሰለፉት መካከል የታመመው ጎረቤቱ ሚስት «ኧረ ቆይ ወንድሜ» አለችው። «የእኔም ዶሮዎች ከአንተዎቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ ነው የሚያድሩት። መድኃኒትህን ጠብታ አልቀመሱም። እነሱንስ መቼ ሳል ያዛቸው?»

እጁ በአየር ላይ ቀረ። ለካ ያ ሳል ዶሮ አይነካም! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ሊያፈስ የነበረው ግን የማይለቀመውን ነው። ሰዉ «ስጠን እንጂ፣ ልጆቻችን ማለቃቸው እኮ ነው!» እያለ ቢጮህበትም ዋንጫውን አስቀመጠ። ቢሰጥም ፈራ፣ ባይሰጥም ፈራ።

ከዚያ ሳሉ የሚይዘው እንስሳ ፍለጋ ዞረ። በበሽተኞቹ ቤት ድመቶችም እንደሚስሉ አየ። ካልታመመ ቤት ስድስት ድመት ለምኖ ለሦስቱ አጠጣ፣ ሦስቱን ተወ፤ ሁሉንም ከበሽተኛው ጎረቤቱ ጋር አኖራቸው። ያልጠጡትን ሳሉ ጥቂት ቀን ይዞ ለቀቃቸው። የጠጡት ግን ሳሉ ሲይዛቸው ትንፋሽ እያጠራቸው ሦስቱም ሞቱ። ሰውየው መድኃኒቱን ገደል ውስጥ ደፍቶ፣ ልጁን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ዶማውን አንሥቶ ሌላ ሥር ሊምስ ወጣ። ሳሉ ገና ከደጁ አልራቀም ነበር።

እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ ከቤተ ሙከራሽ መጥተሽ «ክትባቱን ወስደው ቫይረሱ ከተሰጣቸው አይጦች አንድም አልታመመም፤ ሰው እየሞተ ለምን እንጠብቃለን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጭንቀትሽ ይገባኛል፤ እኔም ጨንቆኛል። ግን አይጦችሽ የዚያ ሰው ዶሮዎች እንዳይሆኑ እሰጋለሁ። ክትባት ላልወሰዱት አይጦች ቫይረሱን ስጪና ታመው ካየሽ መጥተሽ ንገሪኝ። እነሱም ካልታመሙ ግን፣ በእጅሽ የያዝሽው የሚያድን ይሁን እንደዚያ መድኃኒት የሚገድል አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም።