የትብለጥ ፊትና የጥድ ቅባት

ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ይዋስ።

እትዬ ትብለጥ ልጇን ልትድር ነው። ጥሏት የሄደው ባሏ ሽብሩ አዲሷን ሚስቱን ይዞ እሑድ ሠርጉ ላይ ይገኛል። ትብለጥም ፊቷ ወዝቶ እንዲያያት ፈለገች። ይኸው ነው፣ ሌላ ምኞት የላትም።

ቅባት ቀማሚዋ ምንትዋብ ዘንድ ሄደች። "የጥድ ቅባት ስጪኝ።"

"ጥሩ መረጡ እትዬ! የጥድ ቅጠል ጭማቂ አንቲኦክሲዳንት አለው፤ ፀሐይና ጭስ ቆዳን ቶሎ እንዳያስረጁት ይከላከላል። ግን ቅጠል አልቆብኛል። ቅጠል ከሌለ ቅባት የለም።"

የጥድ ደኑ ጠባቂ ጋሼ ድልነሳ ዘንድ ገሰገሰች። "ጋሼ፣ ቅጠል ይስጡኝ። ቅጠል ከሌለ ቅባት የለም፣ ቅባት ከሌለ ፊቴ አይወዛም።"

"የውርዬ ፍየል ችግኜን እየጨረሰች ምን ቅጠል አለ? እሷ ሳትታሰር አንዲት ቅርንጫፍ አልቆርጥም!"

ጎረቤቷ ውርዬ ዘንድ ሮጠች። "አንቺ፣ ፍየልሽን እሰሪ! ፍየል ካልታሰረች ቅጠል የለም፣ ቅጠል ከሌለ ቅባት የለም፣ ቅባት ከሌለ ፊቴ አይወዛም።"

"በምን ልሰራት፣ በነጠላዬ? ገመዱን በልታዋለች። ገመድ አምጪና አስራታለሁ።"

ገመድ የሚገምደው አያ ሞላ ዘንድ እያለከለከች ደረሰች። "አያ ሞላ፣ ገመድ ግመድልኝ! ገመድ ከሌለ ፍየል አትታሰርም፣ ፍየል ካልታሰረች ቅጠል የለም፣ ቅጠል ከሌለ ቅባት የለም፣ ቅባት ከሌለ ፊቴ አይወዛም።"

አያ ሞላ መዳፉን ዘረጋ። እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። "በዚህ እጅ? መጀመሪያ ቅባት አምጪልኝ።"

"ቅባት ካለኝማ አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ!"

መሬት ላይ ዘፍ አለች። ልታለቅስ ስትል ለሠርጉ ብላ አናቷ ላይ የለጠፈችው ቅቤ በፀሐይ ቀልጦ በግንባሯ ወረደ። ዓይኗን ጠረገች፣ ጣቷን አየች። ከዚያ ሻሿን ፈትታ ቅቤውን ከራሷ ላይ ዛቀችና የአያ ሞላን መዳፍ ለቀለቀችው።

"ኧረ ይሸታል!"

"አሽትተህ ስትጨርስ ግመድ!"

ቅቤው እጁን አለሰለሰ፣ እጁ ገመዱን ገመደ፣ ገመዱ ፍየሏን አሰረ፣ ፍየሏ ስትታሰር ጋሼ ድልነሳ ቅጠል ቆረጡ፣ ምንትዋብ ቅጠሉን ጨምቃ ቅባቱን ቀመመች፣ የትብለጥም ፊት ወዛ።

እሑድ ሽብሩ ሲያያት የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ቆመ። ሚስቱ ግን ወደ ትብለጥ ተጠጋችና፣ "እትዬ፣ እባክዎ ምን ተቀብተው ነው?" አለቻት በሹክሹክታ።

ትብለጥ ብልቃጧን ከደረቷ አወጣችና ጉንጯን ቀባቻት።

"እንቺ ልጄ፣ ሁሉንም ውሰጂው። ከሱ ጋር ስትኖሪማ አንድ ብልቃጥ አይበቃሽም።"