ያልተበላው ንፍሮ

አንዲት ሴት ነበረች፤ በየማለዳው ከበረቷ እበት እየዛቀች ጓሮዋ ወዳለ ጉድጓድ የምትጨምር። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ተድረው ርቀዋል። ሁለት ላምና አንድ ወይፈን አላት። ደብሪቱ ትባላለች።

ምን ዓይነት ጉድጓድ ነው ትሉኝ ይሆናል። የግብርና ባለሙያው ቀበሌውን ዞሮ ዞሮ የሚሰማው ሰው ሲያጣ፣ እሷ ብቻ «እስቲ እኔ ጓሮ ቆፍሩት» ያለችው ጉድጓድ ነው። ክብ ነው፣ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ከላይ የተከደነ። እበቱን በውኃ በጥብጣ ትጨምርበታለች፤ እዚያው ውስጥ ይብላላል፤ የሚወጣው ጋዝ በቱቦ ወጥ ቤቷ ድረስ ይመጣል። ከፍታ ክብሪት ስትጭርበት ሰማያዊ እሳት ቦግ ይላል። ባዮጋዝ ይሉታል። የተረፈውን ዝቃጭ ጎመኗ ላይ ታፈሰዋለች፤ የዚያን ዓመት ጎመኗን ያየ ሁሉ «ምን አድርገሽው ነው?» ሲላት ከረመ።

እሺ ያለችው ግን ለጎመን ብላ አይደለም። ዓይኗን አሟት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ወጥ ቤት ኩበት ስታነድ፣ እሳት እፍ ስትል የኖረች ሴት ናት። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ቁርጡን ነገረቻት፤ «እናቴ፣ ከጭሱ ካልራቁ ይህ ዓይን አይቆይዎትም» አለቻት።

እንግዲህ ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ። ለእኛ ባዮጋዝ ልማት ነው፣ የስብሰባ ወሬ ነው፣ አንዳንዴም ማዛጊያ ነው። ለደብሪቱ ግን ዓይኗ ነበር።

ምድጃው በተለኮሰ በሁለተኛው ወር ዓይኗ እንባ ማፍሰሱን ተወ። መርፌ ውስጥ ክር አስገባች! ይህን ለማንም ሳትነግር መዋል አልቻለችም። ጎረቤቱን ሁሉ «ኑ እዩልኝ» አለች። ሴቶቹ መጡ፣ አዩ፣ «ጉድ ነው» አሉ፣ እልል ሊሉ ትንሽ ቀራቸው። ሲወጡ ግን ገና አጥሩን ሳያልፉ ሐሜቱን ጀመሩት። በእበት ነው የምታበስለው ተባለ።

በዚህ መሐል የሰንበቴ ተራዋ ደረሰ። እንደምታውቁት፣ ተራው የደረሰ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውን፣ ጠላውን፣ ንፍሮውን ይዞ ይመጣል፤ ማኅበርተኛው አብሮ ይበላል። ለባልቴት ደግሞ ሰንበቴ የምግብ ጉዳይ አይደለም። ስትታመም በሯን የሚያንኳኳ፣ ስትሞት ስሟን የሚያነሣ ወገን ነው።

ደብሪቱ ከሐሙስ ጀምራ ተፍ ተፍ አለች። ድፎውን እንደ ወትሮው በኩበት ጋገረችው፤ ያቺ የጋዝ ምድጃ ትንሽ ስለሆነች ድፎ አትችልም። ንፍሮውን ግን፣ ስንዴውንና ባቄላውን ቀላቅላ፣ በጋዙ ቀቀለችው። ዳቦው በኩበት፣ ንፍሮው በጋዝ። ይህን ያዙልኝ።

እሑድ ቄሱ ማዕዱን ባረኩ። ዳቦው ተቆረሰ። የሰንበቴው ሙሴ፣ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው፣ አያ ጥላዬ ይባላሉ። ሦስት ጥማድ በሬ ያላቸው፣ ሲናገሩ ሰው ዝም የሚልላቸው ሰው ናቸው። ዳቦውን ገመጡ። ንፍሮው በሰፌድ ሲቀርብላቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄ በምን የተቀቀለ ነው?»

«በጋዙ ነው፣ አያ ጥላዬ» አለች ደስ ብሏት። «ይቅመሱልኝ፣ እንዴት አምሮ እንደበሰለ።»

«በእበቱ?»

«ከእበቱ በሚወጣው።»

«ቄስ በተቀመጡበት፣ በሰንበት፣ እበት ልታበይን ነው?»

ደብሪቱ መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰላት። ፈገግ አለች። ዘወር ብላ ስታይ ሌላ ፈገግ ያለ ሰው የለም።

«አያ ጥላዬ፣ እርስዎ በጉንጭዎ የያዙት ዳቦስ በምን የተጋገረ ይመስልዎታል? በኩበት ነው እኮ! ኩበቱስ ከዚያው ከላሞቼ አይደል የወጣው?»

አሁን አፋቸውን ይይዛሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ኧረ ወዲያ! ዳቦውን አላመጡ፣ ዋጡ፣ በጠላ አወራረዱ።

«ኩበት ሌላ!» አሉ። «ኩበት ፀሐይ ያየው ነው። አባቶቻችን ያነደዱት ነው። ይሄ ግን ተቀብሮ የበሰበሰ ነው።»

«እውነት ነው፣ ፀሐይ ያየውማ ሌላ ነው» አለ ከጎናቸው የተቀመጠው፤ እሱም ዳቦ እያላመጠ።

ወገኖቼ፣ ይህን የነገረኝ ሰው እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም ሳቄ መጣ፣ አልዋሽም። ቆይቶ ግን ደሜ ፈላ። ያው እበት ነው! ከአንድ በረት፣ ከአንዲት ላም! ተጠፍጥፎ ደርቆ፣ ጭሱ የሴት ዓይን ሲያጠፋ ማንም ርኩስ አላለውም። ዓይን ማዳን ሲጀምር ነው ርኩስ የሆነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህን ሥርዓት የሠራው ማን ነው? እግዚአብሔር ነው? የእግዚአብሔርን ስም እዚህ ውስጥ ማን ጨመረው?

ደብሪቱ ዞር ብላ ቄሱን አየቻቸው። የነፍስ አባቷ ናቸው። ምድጃው የተለኮሰ ዕለት ወጥ ቤቷ ገብተው ጠበል ረጭተውላታል። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ «እኔ ባርኬዋለሁ» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቄሱ አንገታቸውን ደፉና የእጅ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። መስቀሉ ንጹሕ ነበር።

«እንግዲህ ምረጪ» አሉ አያ ጥላዬ። «ወይ ያንን ነገር ትደፍኚዋለሽ፣ ወይ ከሰንበቴው ትወጫለሽ።»

ንፍሮውን ማንም ሳይነካው ቀረ። ተሸክማው ተመለሰች፤ ሰው እንዳያያት በወንዙ በኩል ዞራ ነው የሄደችው።

ሦስት ቀን አሰበች። ምን ታድርግ? ልጆቿ ሩቅ ናቸው። ዓይኗን ይዛ ያለ ሰው መቅረትን ፈራች። እናንተ ብትሆኑ አትፈሩም? በአራተኛው ቀን ቱቦውን በገዛ እጇ ቆረጠችው። አያ ጥላዬ ሁለት ጎረምሳ ላኩላት፤ ጉድጓዱን በድንጋይና በአፈር ሞሉት። በሚቀጥለው እሑድ ከማኅበርተኛው ጋር ተቀመጠች፣ «እንኳን ልብ ገዛሽ» አሏት። ቤቷ ገብታ ኩበት አቀጣጠለች፣ እንደ ድሮው እፍ አለችበት።

ነርሷ አልዋሸችም። በመጀመሪያ የግራ ዓይኗ ጠፋ፣ ከዚያ የቀኙ። የማያይ ሰው ዳቦ ጋግሮ ጠላ ጠምቆ ተራ ማውጣት አይችልም። ተራ ካላወጣ ደግሞ ማኅበርተኛ አይባልም። እናም ያ ዓይኗን የከፈለችበት ሰንበቴ ማንም ሂጂ ሳይላት ከእጇ ወጣ። ዛሬ የምትቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ከነዳያን ጋር ነው።

አላለቀም። ቢያልቅማ ጥሩ ነበር።

የማገዶ ነገር እየከፋ ሄደ። የአያ ጥላዬ ልጅ ከከተማ መጣና «አባባ፣ ይህን ሁሉ ከብት ይዘን በጭስ የምንታፈነው ለምንድን ነው?» አለ። ጉድጓድ አስቆፈረ፤ የደብሪቱን እጥፍ ይሆናል። ምድጃ ገባ፣ የጋዝ መብራትም ገባ። ፀሐይ አይቶታል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አለ? ማንም! የአያ ጥላዬ ተራ ሲደርስ ንፍሮው ቀረበ፤ ማኅበርተኛው እፍኝ እፍኙን ዘገነ። ቄሱም በሉ። እንዲያውም የተመሰገነ ንፍሮ ነበር።

አያ ጥላዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በሩ ላይ ያሉትን አልረሱም። በሳህን ይዘው ራሳቸው ወጡ፣ ለደብሪቱም እጇ ላይ አኖሩላት። ቀመሰች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ድምፅዎን አወቅሁት፣ አያ ጥላዬ ነዎት። ጭስ ጭስ አይልም። በምን ቀቀላችሁት?»

አያ ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በ... በጋዙ ነው።»

ደብሪቱ ማላመጧን አቆመች። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

«አሁን ይበላል ማለት ነው?»

አያ ጥላዬ ሳህኑን ይዘው ወደሚቀጥለው ነዳይ አለፉ።

እናንተስ? እናንተ ምን ትመልሱላታላችሁ? አንገታችሁን አትድፉ፣ እኔን እዩኝ! ልጃችሁ ተምራ መጥታ «ለእርሻው ይህ ይሻላል» ስትላችሁ ምን አላችኋት? ጎረቤታችሁ ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት ሲሰቅል ምን ብላችሁ ሳቃችሁበት? የደከመው ሰው ሲሞክረው ነውር ነው፣ ባለጸጋው ሲያስገባው ሥልጣኔ ነው! ይህች አገር በረቷ ሙሉ ነው፣ እበቷ ሙሉ ነው፣ ፀሐይዋ ሞልቶ የፈሰሰ ነው። እናቶቻችንን ጭስ የሚጨርሳቸው ፈጣሪ ስለነፈገን ነው? እርሱ ሰጥቶናል! በአፈር የደፈንነው እኛ ነን።

«ሳናውቅ ነው» አትበሉኝ። ዳቦውን እያላመጣችሁ ነግራችኋለች። ካወቃችሁ በኋላስ ምን አደረጋችሁ? ለራሳችሁ ቆፈራችሁ፣ የእሷን ግን እንደተደፈነ ተዋችሁት። አንድ አካፋ ይዞ የሄደላት ሰው የለም።

እናንት በቄሱ ቦታ የነበራችሁ፣ አውቃችሁ ዝም ያላችሁ፣ ለእናንተ ከአያ ጥላዬ የባሰ እሰጋለሁ። እሳቸው ቢያንስ ያመኑትን ተናገሩ።

ዛሬ ስትወጡ በሩ ላይ ለተቀመጡት ሳንቲም ወርውራችሁ እንዳታልፉ። ጎንበስ በሉና ስማቸውን ጠይቁ፤ እዚያ እንዴት እንደደረሱ ጠይቁ። አንዷ የእናንተው ማኅበርተኛ ትሆናለች። ሳህናችሁን ሳይሆን ይቅርታችሁን አስቀድሙ። ከዚያ አካፋ አንሡና የደፈናችሁትን ክፈቱላት፤ በተራ ሄዳችሁ እበቱን በጥብጡላት፣ እሳቱን ለኩሱላት። ዓይኗን መመለስ አትችሉም፤ ይህን ይዛችሁ ትኖራላችሁ።

አሁን አሜን አትበሉኝ። ከእሷ ወጥ ቤት ስትመለሱ ትሉኛላችሁ።