የሚያፏጨው ፔዳልና የዘገየው እንቁላል

ተረት ልንገራችሁ። የጅብና የአህያ አይደለም፤ የሽቦና የጊታር ነው። ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ደሴ ውስጥ ትርሲት የምትባል ጊታር ተጫዋች ነበረች። ፔዳል፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይረውን ሳጥን፣ ከሱቅ አትገዛም፤ በገዛ እጇ ትበይዳለች። በዚህ ትኮራለች፤ እንዲያውም ትንሽ ታበዛዋለች። አንድ ቀን ጓደኞቿ «ፈጣን ነው፣ የዘመኑ ነው» ያሏትን ኦፕ-አምፕ ልታስገባበት አማራት። ኦፕ-አምፕ የጊታሩን ቀጭን ድምፅ የሚያጎላ፣ ከጥፍር የማይበልጥ፣ ባለ ብዙ እግር ጥቁር ቺፕ ነው። የነበረውን በጠመንጃ መፍቻ ስትፈለቅቀው እግሮቹ ተሰባበሩ። አዲሱን ተከለች። አዲሱ እውነትም ፈጣን ነበር፤ ገና ሳይነካ ማፏጨት ጀመረ።

የምትጫወትበት ባንድ መሪ ጋሽ ንጋቱ ለሠርግ በተያዘ ልምምድ ላይ ሲሰሙት ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ።

«ምንድን ነው ይሄ? እባብ አስገባሽብን እንዴ?»

«ቺፑ ነው ጋሼ፤ አስተካክለዋለሁ።»

«ሠርጉ ላይ ይሄን ፉጨት ብሰማ ጊታርሽን ይዘሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ። በቦታሽ የሚገባ ሰው አዘጋጅቻለሁ።»

ትርሲት ክው አለች። ከዚህ ባንድ ሌላ ባንድ የላትም። የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የማያፏጭ ቺፕ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ጊታሯን አንግታ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወደ ጋሽ ድረስ ሱቅ ሄደች።

«ጋሽ ድረስ፣ እባክዎ ጨዋ ቺፕ ካለዎት ይስጡኝ። ፔዳሌ ፉጨቱን አልተው አለ፤ ሠርጉ ደግሞ ዛሬ ነው!»

«አንድ ጨዋ አለኝ። ግን ያለው እዚች ሬዲዮዬ ውስጥ ነው፤ ይኸው እየዘፈነልኝ።»

«በእኔ እንለዋወጥ።»

«ያን እባብ? ሬዲዮዬ ውስጥ? ሞቼ እገኛለሁ! የመክብብ ቺፕ ለአንቺ ጊታር ባይሆንም ለሬዲዮዬ ይሆናል፤ እሱን አምጪልኝ፤ ያኔ እፈታታለሁ።»

ትርሲት ክው አለች። ጋሽ ድረስ ማንም እንዳልመጣባቸው ሁሉ ወደ ሬዲዮአቸው ዞሩ። ጋሽ ድረስ ሬዲዮውን አልፈታ አሉ፤ ፔዳሉ ፉጨቱን አልተው አለ፤ ሠርጉ ደግሞ ዛሬ ነው!

መክብብ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ እሱም እንደ እሷ ፔዳሉን ራሱ ይሠራል። በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«መክብብ፣ ቺፕህን ስጠኝ! ጋሽ ድረስ ሬዲዮውን አልፈታ አሉ፤ ፔዳሌ ፉጨቱን አልተው አለ፤ ሠርጉ ደግሞ ዛሬ ነው!»

«ውይ ትርሲ! ብሰጥሽ ደስ ባለኝ። ግን የእኔም ቤዝ ዛሬ ይጫወታል። ምትክ ሳላገኝ አልሰጥም። አንድ ምትክ ነበረኝ፤ ያ ድምፁ ወፍራም የሆነው፣ ለቤዝ ብቻ የሚሆነው፣ ታስታውሺው የለ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! የት አለ?»

መክብብ አንገቱን አከከ። «እትዬ አስካለ ቤት። እንቁላል ይጠብቃል።»

«ምን ይጠብቃል?»

«እንቁላል ነዋ። ጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ሠራሁላቸው። ሲሞቅ አምፖሉን የሚያጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያበራ ቺፕ አስፈለገ፤ ኪሴ ውስጥ የተገኘው እሱ ሆነ። ቸኩዬ በየድኩት።»

ትርሲት ክው አለች። ስንቱን ሠርገኛ ያስጨፈረ ቺፕ ጓሮ ውስጥ አምፖል ሲያበራና ሲያጠፋ ይዋል? ጉድ ነው! ግን ምን ታድርግ? መክብብ ቺፑን አልሰጥ አለ፤ ጋሽ ድረስ ሬዲዮውን አልፈታ አሉ፤ ፔዳሉ ፉጨቱን አልተው አለ፤ ሠርጉ ደግሞ ዛሬ ነው!

እትዬ አስካለ ዶሮ አርብተው የሚያድሩ፣ አንደበታቸው ጣፋጭ፣ ውሳኔያቸው ግን ድንጋይ የሆኑ ሴት ናቸው። ጓሯቸው በጫጩት ጩኸት ቀልጧል።

«እትዬ አስካለ፣ ሳጥኑን ያጥፉልኝና ቺፑን ልውሰድ! መክብብ ቺፑን አልሰጥ አለ፤ ጋሽ ድረስ ሬዲዮውን አልፈታ አሉ፤ ፔዳሌ ፉጨቱን አልተው አለ፤ ሠርጉ ደግሞ ዛሬ ነው! ጫጩቶቹ እንደሆኑ ወጥተዋል።»

«ሁሉም አልወጡም ልጄ። አንድ ቀርቶኛል።» የሳጥኑን መስኮት አሳዩዋት። አምፖሉ ሥር አንድ እንቁላል ብቻውን ተጋድሟል።

«ሌላ ቺፕ ልተካልዎት፤ ወዲያው ነው።»

«ወዲያው በርዶት ቢሞትስ? ነፍስ ያለበት ነው እኮ! እሱ ሳይወጣ ሳጥኔን ማንም አይነካካም።»

ትርሲት ክው አለች። እዚያው ዱካ ላይ ዘጭ አለች። አሁን እንግዲህ ማንን ትለምን? እንቁላልን?

ለመነችው። ምን ይደረግ፣ የቀረ ሰው የለም።

«በእናትህ ውጣ! አንተ አልፈለፈል ብትል እትዬ አስካለ ሳጥኑን አላጠፋ አሉ፤ መክብብ ቺፑን አልሰጥ አለ፤ ጋሽ ድረስ ሬዲዮውን አልፈታ አሉ፤ ፔዳሌ ፉጨቱን አልተው አለ፤ ሠርጉ ደግሞ ዛሬ ነው!»

እንቁላሉ ጸጥ። ጆሮዋን መስኮቱ ላይ ለጠፈች። የጊታር ክር ስትቃኝ የኖረች ጆሮ ናት። ከቅርፊቱ ውስጥ በጣም ቀጭን ድምፅ ሰማች። «ጲው።»

«እትዬ አስካለ! እየተጣራ ነው!»

«ማንን ይጠራል? ሳጥን እንደሁ መልስ አይሰጥ። እናቱ ታቅፋው ቢሆን ቁቅ ቁቅ እያለች ታበረታው ነበር።»

ትርሲት ብድግ አለች። ጊታሯን ከጀርባዋ አወረደች፣ በመዳፏ ክሮቹን አፈነች፣ ወፍራሙን ክር በጣቷ ጫር አደረገች። ቁቅ። ደገመች። ቁቅ፣ ቁቅ። ከውስጥ «ጲው!» አለ። ቁቅ! «ጲው!» ቅርፊቱ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ትንሽ ቢጫ ምንቃር ብቅ አለ።

«ኧረ በስመ አብ!» እትዬ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። «ኧረ ጊታር እናት ሆነ! ኧረ ጎረቤት!» ትርሲትም ራሷ ያደረገችውን ማመን አቅቷት ጣቶቿን ታያለች። እየሳቀች ታለቅሳለች።

እንቁላሉ ተፈለፈለ። እትዬ አስካለ ጫጩቱን በነጠላ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፤ ሳጥኑን አጠፉ። መክብብ ወፍራሙን ቺፕ ተቀበለ፤ የራሱን ሰጠ። ጋሽ ድረስ የመክብብን ተቀበሉ፤ ሬዲዮውን ፈቱ። ትርሲት ጨዋውን ቺፕ ተቀበለች፤ ቆማ በየደች። ሠርጉ አዳራሽ የደረሰችው እየሮጠች ነው።

በቦታዋ እንዲገባ የተዘጋጀው ጊታር ተጫዋች በር ላይ ቆሟል። ትርሲት ገመዱን ሰካች፣ ፔዳሉን ረገጠች፣ እጇን አንስታ ቆመች። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ክፈቺው እንጂ!» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«ክፍት ነው ጋሼ።»

ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ደገኑ። ምንም የለም። ቀና አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጭራሽ ገድለሽዋል። በል ልጅ፣ አንተ ግባ።»

ትርሲት ያነሳችውን እጇን አወረደች። ክሩን መታችው።

ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ጋሽ ንጋቱ ወደ ኋላ ዘለው ከኋላቸው ካለው ወንበር ጋር ወደቁ፤ ሙሽራዋ ጮኸች፤ ሚዜዎቹ ተነሱ። የባንዱ መሪ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ደረታቸውን ይዘው፣ ክው ብለው ቀሩ። ከልምምዱ ጀምሮ ትርሲትን ሲያሳድዳት የሰነበተው ድንጋጤ እሳቸው ላይ አረፈ።

«ሰው ልትገድይ ነው እንዴ?» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። ትንሽ ቆዩና በር ላይ ወደቆመው ሰው ዞሩ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ቦታው ተይዟል።»

ተረቴ እዚህ ላይ ተበየደ፤ ልፍታው የሚል ካለ መበየጃውን ይዞ ይምጣ።