ያልደረቀው ማንጎ

የድንጋይ አጥሯ ከነዋሪዎቿ ትዝታ በላይ ባረጀ አንዲት ከተማ ውስጥ ሐጂ በድረዲን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። የከተማዋን ስም እንተወው፤ ብጠራው የሌላ ከተማ ሰው ይቀናል። የዚያች ከተማ ሰው በሀብቱም በዘሩም ብዙ አይኩራራም። የሚኮራው በጓሮው ነው። ሎሚና ሮማን ከጓሮው፣ ጤና አዳምና በሶብላ ከደጃፉ ያልተከለ ሰው አባወራ ነኝ ለማለት ያፍራል። እንግዳ እጁን የታጠበበት ውሃ እንኳ እንዲሁ አይደፋም፤ ባለቤቱ ይዞት ይሄድና ከሚወደው ዛፍ ሥር ያፈሰዋል። እንግዳውም ሲሰናበት "የእጄን ውሃ ማን ጠጣው?" ብሎ መጠየቅ ወጉ ነው።

የሐጂ በድረዲን እንግዶች ግን መልሱን ስለሚያውቁት አይጠይቁም ነበር። ከሐጅ በተመለሱበት ዓመት በእጃቸው የተከሉት ማንጎ አድጎ፣ የግቢያቸውን ግንብ ተሻግሮ፣ አጠገባቸው ባለው መስጂድ ቅጥር ላይ ጥላውን ጥሎ ነበር። በቀትር ለዝሁር ሶላት የሚመጣው ሰጋጅ ሁሉ፣ ጀመዓው፣ ጫማውን ከዚያ ጥላ ሥር ያወልቃል። ልጆቻቸው ተድረው ከሄዱ ወዲህ ሐጂ ለዛፉ "አንተ ልጅ" እያሉ ያወሩት ነበር፤ ባለቤታቸው ሩቅያም ይስቁባቸዋል።

አንድ ዓመት በጋው ከበደ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ሰነበተ፤ ነፋሱም ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስል ነበር። ዶሮዎች ምንቃራቸውን ከፍተው ከግንብ ጥላ ሥር ዋሉ። ሎሚው ፍሬውን ገና ጠጠር ሳለ አራገፈ፣ ሮማኑ በዛፉ ላይ ተሰነጠቀ፣ በሶብላው በእጅ ሲነኩት ዱቄት ሆነ። ሴቶች ሩዝ ያጠቡበትን ውሃ ሳይቀር ለዛፎቻቸው ቢያካፍሉም አልበቃም። በኩሩዋ ከተማ ሰው እንግዳውን ወደ ጓሮ ማስገባት አፈረ።

የሐጂ ማንጎ ግን ለመለመ። ቅጠሉ አብረቀረቀ፤ ፍሬውም እንደ ወትሮው ሳይሆን ቅርንጫፍ እስኪያጎብጥ አፈራ። ሰው መጥቶ አየ፤ "ይህማ ከራማ ነው፣ የደግ ሰው ተአምር" አለ። አንዷ ለታመመ ልጇ ቅጠሉን ለመነች፣ ሌላው ከጥላው ሥር ዱዓ አድርጉልኝ ብሎ መጣ። ሐጂ "የአላህ ነው፣ የኔ አይደለም" ይሉ ነበር። ሆኖም ቃሉን የሚሉት ለስለስ አድርገው ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ውዳሴው ቀልባቸውን ደስ ያሰኘው ነበር፤ የማንን ቀልብ ደስ አያሰኝ!

በዚሁ ወራት የመስጂዱ ውሃ መጉደል ጀመረ። ከመስጂዱ ቅጥር ውስጥ ብርካ የሚሉት፣ ከመሬት በታች በድንጋይ የተገነባ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነበር። ለሚጠማና ለውዱእ መታጠቢያ የተወቀፈ፣ ለአላህ ተብሎ የተሰጠ ስለሆነ ጠብታው ለጓሮ አይነካም። ወደ ውስጥ የሚያስወርዱት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ውሃው ዝቅ ሲል የወጣውን ደረጃ ስም ጠባቂው ከጁምዓ በኋላ ለጀመዓው ያሳውቃል። ከሁሉ የሚፈራው "የሶብር ደረጃ"፣ የትዕግሥት ደረጃው ነው። እሱ ከበልግ ዝናብ በፊት ከታየ፣ ከተማው ውሃ ፍለጋ ወደ ሩቁ ወንዝ ይወርዳል ማለት ነው። በዚያ ዓመት የሶብር ደረጃ በልግ ገና ሩቅ ሳለ ታየ።

የብርካው ቁልፍ ከአያቱ ጀምሮ በቤተሰቡ እጅ የኖረ ጁነይዲ የሚባል ጠባቂ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ደግሞ በክፉ ቀን ለሐሜት ይመቻል። "ውሃውን በስውር ለጓሮ ባለቤቶች እየሰጠ ነው" ተባለ። የማን ጓሮ ለምልሞ እንደታየ ግን ማንም አልጠየቀም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባባለ ሰው ሁሉ አንድ አቅጣጫ ጠረጠረ። በመጨረሻም የከተማው ሽማግሌዎች ነገሩን ለሐጂ በድረዲን ሰጧቸው። ሐጂም በጁምዓ ቀን፣ በጀመዓው ፊት፣ ሙስሐፍ፣ ቁርኣኑን ይዞ ይማል ብለው ፈረዱ።

ጁነይዲ ፍርዱን ሲሰማ አልተቆጣም። ወደ ሐጂ ቤት መጥቶ ከደጃፍ ቆመ።

"እምላለሁ፣ ሐጂ። ሐቅ ስለሆነ መማሉ አያስፈራኝም" አለ። "ግን ጎረቤቱ ያስማለው ሰው ቁልፍ ይዞ አይኖርም። ምዬ ስጨርስ ቁልፉን አስረክቤ ከከተማው እወጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወርደው ብርካውን በዓይንዎ ይዩልኝ።"

ሐጂ ፋኖስ ይዘው ሄዱ። ጁነይዲ በሩን ከፍቶ ከውጭ ቀረ፤ አብሬ ብወርድ አሳሳታቸው ይሉኛል ብሎ ፈርቷል። ሽማግሌው ብቻቸውን እያዘገሙ ወረዱ። ከሶብር ደረጃ በታች፣ ውሃው ሸሽቶ ባጋለጠው ግድግዳ ላይ፣ ድንጋዩን ሰንጥቆ የገባ ሥር አዩ። እንደ ሽማግሌ ጺም ተበትኖ ውሃው ውስጥ ተነክሯል፤ በስንጥቁም ውሃው ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ግድግዳው በማን ግቢ በኩል እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። "አንተ ልጅ" አሉ ቀስ ብለው፤ ከደረጃውም ላይ ተቀመጡ።

ማንም አላየም። ሥሩን ቆርጦ ስንጥቁን በጭቃ መድፈን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጁነይዲም ቢምል የሚምለው እውነት ነው፤ በመሐላው ነፃ ይወጣል። ቤታቸው ገብተው ሲነግሯቸው ሩቅያም ይህንኑ መከሩ፤ አላህ ነውርን የሚሰትር፣ የሚሸፍን ጌታ ነው፣ አንተም አላወቅህ፣ ዝም በል አሉ። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ባላቸው በእርጅና ዘመናቸው እንዳይዋረዱ ሳስተው ነው።

ሐጂ እስከ መግሪብ አዛን ከማንጎው ሥር ተቀምጠው ዋሉ። ሲነሱም "ሩቅያ፣ አላህ የኔን ነውር እንዲሰትር የጁነይዲን ስም ላዋርድ?" አሉ። ሩቅያ ሄደው የባላቸውን የጁምዓ ልብስ ማጠብ ጀመሩ።

ጁምዓ ደረሰ። ሶላቱ ሲያልቅ ማንም ከቅጥሩ አልወጣም። ጁነይዲ ነጭ ለብሶ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ቁልፉን ፊቱ ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ቀረበ። ወደ ሙስሐፉ እጁን ሲዘረጋ ሐጂ በድረዲን እጁን ያዙት።

"አትምል፣ ልጄ" አሉት። ከዚያም ወደ ጀመዓው ዞረው "ውሃውን የወሰደው ተገኝቷል። እኔ ያሳደግሁት፣ እናንተም ከራማ ያላችሁት ነው። ወርዳችሁ እዩት" አሉ።

ሰው በተራ እየወረደ አየ። የወጣው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ቅጠሉን ለመድኃኒት የወሰደችው ሴትም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሐጂ ግን ነገሩን በዚያ አልተዉትም። ግንበኛ አስጠርተው ሥሩ ብቻ ቢቆረጥስ ብለው ጠየቁ። ግንበኛውም አንዴ ውሃ የቀመሰ ሥር ተመልሶ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ግድግዳውን ያፈርሰዋል አላቸው። ሐጂ ሰውን አስከትለው ግቢያቸው ገቡና መጥረቢያ አነሱ።

ያን ጊዜ ኢማሙ እጃቸውን ያዟቸው። ዛፍ ኃላፊነት የለበትም፣ እርስዎም ስላላወቁ ወንጀል የለብዎትም፣ ቢያንስ ፍሬው እስኪለቀም ይቆይ አሏቸው። ሕዝቡም ለመነ፤ በዚያ በጋ የቀራቸው ብቸኛ ኩራት ያ ዛፍ ነበርና።

"ውሃውን ሲጠጣ አላወቅሁም፤ እውነት ነው" አሉ ሐጂ። "ውዳሴውን ስቀበል ግን አውቅ ነበር።"

ፍሬው ለመስጂዱ ሰደቃ ይሁን፣ ግንዱም ለብርካው መክደኛ ይሁን ብለው ተናዘዙና የመጀመሪያውን መቱ። ደጋግመው ሲመቱ ክንዳቸው ዛለ። ጁነይዲ ቀርቦ መጥረቢያውን ከእጃቸው ተቀበለ። ሐጂም በሰው ሁሉ ፊት ዐፍው፣ ይቅር በለኝ አሉት፤ ያለ ማስረጃ ላስምልህ ነበርና ሐቅህን ማረኝ አሉት።

"ምሬዎታለሁ፣ ሐጂ" አለ ጁነይዲ። "ስሜን ሊያነሱልኝ ዛፍዎን ጣሉ፤ እኔ ከዚህ ከተማ ወዴት እሄዳለሁ?" ከምንጣፉ ላይ አንስቶ የያዘውን ቁልፍ አንገቱ ላይ አጠለቀና መቁረጡን ቀጠለ።

ዛፉ ሲወድቅ ሩቅያ አለቀሱ። አንድ ጎረቤት ሊያጽናናቸው ፈልጎ "ሐጂ፣ ትልቅ ነገር አጡ" ቢላቸው፣ ሽማግሌው እንዲህ አሉ፦

"ዛፉ የጠጣው የሕዝብ ውሃ ነው፤ እኔ ልጠጣ የነበረው የሰው ስም ነው። ውሃውን ዝናብ ይተካዋል።"

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። እኛ ግን ጥቂት እንበል። ሐጂ በድረዲን አልሰረቁም፣ አልዋሹም፤ ዝም ቢሉ ማንም ሌባ አይላቸውም ነበር። አማና፣ ታማኝነት የሚፈተነው ግን በዚያች ዝም ብንል በምታልፈን ሰዓት ነው። ስንቶቻችን ግቢያችን ሲለመልም በረካ ነው እንላለን፤ የጎረቤት ብርካ ለምን እንደጎደለ ግን ወርደን አናይም። ሲጎድልም የምናስምለው ዝምተኛውን ነው።

ዛሬም የዚያች ከተማ ሰው በጓሮው ይኮራል። እንግዳ መጥቶ ከሁሉ የሚበልጠውን ጓሮ አሳዩኝ ሲል፣ ሮማኑንና ሎሚውን አልፈው፣ ከመስጂዱ ግንብ አጠገብ ምንም ያልበቀለበት ባዶ ቦታ ፊት ያቆሙታል።