መሪጌታ በሪሁንና የጥቁር ውሃው ታሪክ

መሪጌታ በሪሁን የሞቱበትን ዓመት የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ያሉትን የማያስታውስ ግን በዘንባባ አገር አይገኝም። በስማቸው የሚወራው ሁሉ የእሳቸው ነው ማለት አይቻልም፤ ሰው የራሱን ቀልድ ሲፈራ በእሳቸው አፍ ይናገራልና። እዚህ የተጻፈው ሚስታቸው ማዘንጊያ የሰማችው፣ አንዳንዱንም በዓይኗ ያየችው ነው።

መሪጌታ የዘንባባ ማርያም የቅኔ መምህር ነበሩ። ያገሩ ገዥ ደጃዝማች መርሻ በዘመቱ ቁጥር መሪጌታ በበቅሎ ሆነው ከነጋሪቱ ኋላ ይከተላሉ። ያገሩ ደንብ እንዲህ ነበር፦ የዘመቻው ታሪክ በበዓል ቀን በግብር አዳራሽ ይነበባል፤ ተነብቦ ሲያልቅ፣ አብሮ የዘመተው ሊቅ ተነሥቶ “አይቻለሁ” ካላለ መጽሐፉ አይዘጋም።

በአንዱ ዘመቻ ታዲያ ጥቁር ውሃ ከሚባለው ወንዝ ዳር ጠላት ሳይታሰብ ደረሰ። ደጃዝማች ፈረሳቸውን አዞሩ። መኳንንቱም አዞሩ። መሪጌታም በቅሏቸውን አዞሩ። የዘንባባ ባላገሮች ግን መሻገሪያውን ይዘው ቀሩ። ሌላው እስኪያመልጥ ድረስ ያዙት፤ ከእነሱ የተመለሰ የለም።

አገር ሲገቡ ደጃዝማች መሪጌታን ለብቻ አስጠሩ። “ጻፍ” አሉ። “ደጃዝማች መርሻ መሻገሪያው ላይ እንደ አንበሳ ቆመ፤ የዘንባባ ሰዎች ጥለውት ሸሹ፤ እሱ ግን ጠላቱን ድል መታ፤ በል።”

መሪጌታ ብዕራቸውን ቀለም እየነከሩ፦

«እሺ ጌታዬ፤ ብቻ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ጠላት እንዳይሰማ ያስጠብቁልኝ።»

ደጃዝማች ከልባቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን “ለማርያም በዓል ይደርሳል” አሉ።

ነገሩ እንዲህ የሚያስጨንቅ የሆነው በርስት ምክንያት ነው። በዚያ አገር ሕግ ከዘመቻ የሸሸ ሰው ርስቱን ይነጠቃል። የዘንባባ ሰዎች ሸሹ ተብሎ ከተጻፈ ለሙ መሬታቸው ለደጃዝማች ይገባል፤ የሟቾቹ ሚስቶች ልጆቻቸውን አዝለው ካገር ይወጣሉ። ከእነሱ አንዷ የገላው ሚስት ደብሪቱ የማዘንጊያ ጎረቤት ነበረች። ባሏ ከቀረ ወዲህ በሬ የሚጠምድላት አጥታ እርሻዋን በዶማ ትቆፍራለች። ማዘንጊያን ባየቻት ቁጥር ዶማውን ተደግፋ “እሜቴ፣ መሪጌታ ምን ይጽፉ ይሆን?” ትላለች።

ማዘንጊያ ዳዊት የደገመች ሴት ናት፤ መጽሐፍ አትፈራም፤ የባሏን ምላስ ግን ትፈራለች። “መሪጌታ፣ እባክዎን ዝም ይበሉ። ዝም ያለ ሰው ካገሩ አይነቀልም” አለቻቸው አንድ ቀን።

«እውነትሽን ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የተቀበሩትን እስካሁን የነቀላቸው የለም።»

ሳትወድ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ተናደደች፤ ከተናደደች በኋላ እራት አቀረበች። የዚያ ቤት ጠብ ሁሉ በዚህ መንገድ ነበር የሚያልቀው።

ደጃዝማች ታሪኩ እንዲጣፍጥ ብለው ለመሪጌታ አንድ ሙክት ፍየል እንዲሰጥ አዘዙ፤ ሥጋውን እንዲበሉት፣ ቆዳውን ብራና እንዲያደርጉት። የግምጃ ቤቱ ሹም አዛዥ ድንቁ ግን ቆንቋና ነበር፤ ከቤቱ ዝንብ እንኳ ጾሟን ትወጣለች ይባላል። ሙክቱን አርዶ በላና ቆዳውን ላከ። ከሰነበተ በኋላ ደግሞ ራሱ መጥቶ “ደጃዝማች ታሪካቸው የት እንደደረሰ ይጠይቃሉ” አለ።

«ቆዳው ከኔ ዘንድ ነው፣ ሥጋው ካንተ ሆድ ነው፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ምን ታሪክ ይጻፋል?»

ይህ ወሬ አዳራሽ ሲደርስ ደጃዝማች ሌላ ዘዴ አሰቡ። በሰንበት፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ፣ ለመሪጌታ የወርቅ ጥልፍ ያለበት ካባ አለበሷቸው። አገሬው እልል አለ። ደብሪቱ ብቻ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ሄደች። በሚቀጥለው ሰንበት መሪጌታ ያንኑ አሮጌ ኩታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። “ካባው ምነው?” አሉ ደጃዝማች።

«አንገቱ ጠበበኝ ጌታዬ፤ ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች ያስነቀንቀኛል እንጂ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አላስዞር አለኝ።»

ማዘንጊያ ካባውን አጥፋ ስትመልስ እጇ ጥልፉ ላይ ዘግየት አለ። ቆንጆ ካባ ነበር።

ፊታውራሪ ደምስ የሚባሉ የደጃዝማች ባለሟል ነበሩ። አዲስ የተሾሙ ናቸው፤ አባታቸው ግን በከብት ሌብነት ሦስት አገር የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ። ፊታውራሪ ሹመቱን ካገኙ ወዲህ ዘር አማራቸው። መሪጌታ ዘንድ መጥተው “የትውልድ ሐረጌን እስከ ንጉሥ ሰሎሞን ድረስ ይጻፉልኝ፤ ይከብድ ይሆን?” አሉ።

«ሰሎሞን ጋ መድረሱስ ቀላል ነው ፊታውራሪ፤ የሚከብደው አባትዎን ማለፉ ነው።»

ፊታውራሪ ይህን አልረሱም። አንድ ቀን ግብር ላይ ጠጁ ሲገፋቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ “እናንተ ደብተራዎች ግን ምንድን ናችሁ?” አሉ። “ታሪክ የምንሠራው እኛ ነን፤ እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ትሞነጫጭራላችሁ። እስቲ እኛ ባንኖር ምን ትጽፉ ነበር?”

«እናንተ ባትኖሩማ ‹በዚህ ዓመት ሰላም ሆነ፣ እህልም በረከተ› ብለን እንጽፍ ነበር።»

በዓሉ ሲቃረብ ደጃዝማች ትዕግሥታቸው አለቀ። ከሩቅ አገር ደብተራ ክንፉን አስመጡ። ክንፉ እጅ ጽሕፈቱ የተዋበ፣ ድምፁ ያማረ ሊቅ ነው፤ ከመሪጌታ ጋር ባንድ መምህር እግር ሥር ተምረዋል፤ ለምነውም አብረው በልተዋል። ታሪኩን እንደታዘዘ ጻፈው። ከጨረሰ በኋላ ሊጠይቃቸው ቤታቸው መጣ። “ወንድሜ በሪሁን፣ ምን ያደርቅሃል? ታሪክ እንደ ሸማ ነው፤ ሸማኔ በለባሹ ቁመት ይሠራል” አለ።

«ደግ ብለሃል፤ ብቻ ከሙታን ላይ ከፈን ገፎ ለቋሚ ኩታ የሚሠራ ሸማኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።»

ክንፉ “እኔም ልጆች አሉኝ” አለ። መሪጌታ ማዘንጊያን ጠላ አስቀድተው ሰጡት፤ እሱም ጠጥቶ ሄደ።

በበዓሉ ዋዜማ አዛዥ ድንቁ የደጃዝማችን ቃል ይዞ ደረሰ። “ነገ ‹አይቻለሁ› ካላሉ ይህ ቤትም ጉባኤ ቤቱም የክንፉ ነው” አለ፤ እግረ መንገዱንም ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ “ሣሩ ማርጀቱ ነው እንጂ ቤቱስ ደኅና ነው” ሲል መረቀ።

«አይዞህ፣ ሣሩን አትናቀው፤ ላንተ ቢሆን እሱንም ትበላው ነበር።»

በነጋታው ማዘንጊያ የባሏን ኩታ እያስተካከለች አንድ ነገር አለች። “ዛሬ ዝም ይበሉ አልልም። ብቻ ሲናገሩ ጮክ ይበሉ፤ እኛ ከመጋረጃው ወዲያ ነን።”

አዳራሹ ሞላ። ወንዶቹ በማዕድ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ኋላ ቆሙ። ደብሪቱና ሌሎቹ የዘንባባ ሴቶች ሐዘን እንደለበሱ መጥተዋል። ክንፉ ብራናውን ዘርግቶ አነበበ። ደጃዝማች አንበሳ ሆኑ፤ ቀጥሎ ነበልባል ሆኑ፤ ቀጥሎ የሚሆኑት ስለጠፋ እንደገና አንበሳ ሆኑ። “የዘንባባ ሰዎች ግን ጌታቸውን ጥለው ሸሹ” የሚለው ጋ ሲደርስ ያ ያማረ ድምፅ ዝቅ አለ። ደብሪቱ የማዘንጊያን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

ንባቡ እንዳበቃ ደጃዝማች ወደ መኳንንቱ ዞሩ። “ከዘመቻ የሸሸ ሰው ፍርዱ ምንድን ነው?”

“ርስቱን ይነጠቃል” አሉ መኳንንቱ ባንድ አፍ። ፊታውራሪ ደምስ ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብለው አሉ።

“ጌታስ ቢሆን?” አሉ መሪጌታ ከተቀመጡበት።

“ጌታም ቢሆን፣ ሎሌም ቢሆን” አሉ ደጃዝማች፤ ፍርዳቸው ፊት አይቶ የማያዳላ መሆኑን አዳራሹ እንዲያይላቸው እጃቸውን ዘርግተው። “በል ተነሥ። አይተሃል?”

መሪጌታ ተነሡ። “ጌታዬ፣ የዘንባባ ሰዎች ሲሸሹ አላየሁም።”

የሚያላምጠው ሁሉ ማላመጡን ተወ። ክንፉ ብራናውን አቀርቅሮ ያያል። አዛዥ ድንቁ ወደ በሩ ዘበኞች ዞረ። ደጃዝማች ግን አልተቆጡም፤ ነገሩን ባንድ ቃል ሊዘጉት መስሏቸው ፈገግ አሉ። “ካልሸሹ ታዲያ የት አሉ? ምነው ከመካከላቸው አንድም ሰው ቤቱ ያልገባ?”

መሪጌታ በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡትን መኳንንት ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ድምፃቸው ከመጋረጃው ወዲያ እንዲደርስ ጮክ ብለው፦

«ጌታዬ፣ ቤታችን የገባነውማ የሸሸነው ነን፤ ይኸው አንድ ሳንቀር ግብር እየበላን ነው፤ ርስት መንጠቁ ከማናችን ይጀመር?»