ጓንጉል የመረገው እንጨት

ተረት ቆሟል ከደጅ፤ ማን ያስገባው ልጅ? አንተ ጥግ ያለኸው፣ ወሬህን ተውና ስማ።

ድሮ፣ አያቴ እንኳ ሳይወለድ፣ ጓንጉል የሚባል ጉልበተኛ ገበሬ ነበረ። ጎረቤቱ እትዬ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ክረምት ሊገባ ሲል ሁለቱም የማገዶ እንጨት ደጃቸው ከመሩ። የእሷ ጥቂት ነው፤ የእሱ ቤት ያክላል።

እትዬ አንጓች ክምሩን አይታ መጣች። "ጓንጉል፣ እርጥብ ነው እኮ። ከሥሩ ድንጋይ አድርግበት።"

"መሬቱም የኔ፣ እንጨቱም የኔ" አላት።

በማግስቱ ደግሞ መጣች። "ከላይ ብቻ ሣር ክደነው። ጎኑን ለንፋስ ተውለት።"

"ንፋስ የሚገባበት የሰው ዓይንም ይገባበታል" አላት።

በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ክምሩን ዙሪያውን በጭቃ መርጎት አገኘችው። ለማኝ እንዳያየው ነው እንግዲህ፣ ስስታም!

"ኧረ ይታፈናል" አለችው።

"የራስሽን ጠብቂ" አላት። እሷም የራሷን ጠበቀች። ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላይ ሣር፣ ጎኑ ክፍት።

ነሐሴ ላይ የጓንጉል ሚስት ይታክቱ ሴት ልጅ ወለደች። ዝናቡ አላባራ አለ። ጓንጉል ምርጉን አፍርሶ ቢያይ እንጨቱ ሻጋታ ለብሷል። ቢያነዱት ጭስ፣ ቢያራግቡት ጭስ። አራሷ በብርድ ተንቀጠቀጠች፤ ሕፃኗ ትንፋሽ አጠራት።

"እትዬ አንጓች ዘንድ ሂድ" አለችው ይታክቱ።

ሄደ፤ ከደጇ አፍሮ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ተመለሰ። በሦስተኛው በሩ ተከፈተ።

"ደጄን በእግርህ አቦካኸው እኮ" አለችው፣ ደረቅ እንጨት ታቅፋ። "በል ያዝ።"

"ላንቺስ ምን ቀረልሽ?"

"ጥቂት ነው፤ ለሁለት ቤት አይበቃም። አንተ የራስህን በቀጭኑ ፍለጥና ምድጃው ዙሪያ ደርድረው። የዛሬው እሳት የነገውን ያደርቃል።"

ፈለጠ፣ ደረደረ። የዛሬው የነገውን፣ የነገው የከነገ ወዲያውን አደረቀ። የደረቀውን ለእሷም ይወስድላት ጀመር። መስከረም እስኪጠባ ከሁለቱም ቤት እሳት አልጠፋም። "በደረቅ ሰበብ እርጥብ ይነዳል" እያለ ሰው ያማርራል። ያን ክረምት ግን እሰየው፣ እንኳን ነደደ።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ዘመዶቹ "ክርስትና የምታነሳት ሀብታሟ አክስትህ ናት፤ ከሩቅ አገር ትጠራ" አሉ። ጓንጉል ግን ልጁን ታቅፎ ሄደና ልጅ ወልዳ በማታውቀው በእትዬ አንጓች ጭን ላይ አስቀመጣት።

"ያሞቅሻት አንቺ ነሽ። ልጅሽ ናት" አላት።

አንጓች አለቀሰች። ያ ጉልበተኛም አለቀሰ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህ ነው። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በእሸት አብሱ።