ከማዶ የመጣው መልስ

ተረት ካላችሁኝ ልንገራችሁ፤ ደክሟችሁ ከሆነም ጋደም ብላችሁ ስሙኝ።

በአንድ አራሽ በሬ ጀርባ ላይ አንድ መዥገር ይኖር ነበር። ለእሱ ምድሩ በሬው ነው። አብሮ የሚጠመደው ሌላ በሬ ከማዶ ይታየዋል፤ «እዚያስ እንደ እኛ ያለ ነፍስ ይኖር ይሆን?» እያለ ሲብሰለሰል አረጀ። በየምሽቱ ሻኛው ላይ ወጥቶ ወደ ማዶ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። «ደጆች!» የሚለው ግን የለም።

በሬው መረረው። «ቀን ሞፈር ስጎትት እውላለሁ፤ ማታ እንኳ ምናለ ብታሳርፈኝ?»

«ብቻችንን መሆናችን ከብዶኝ ነው ጌታዬ» አለ መዥገሩ። «አንዴ ቢመልሱልኝ እኔም አርፋለሁ።»

አንድ ምሽት በሰለለ ድምፁ «ቤቶች!» ሲል፣ ከማዶ «ደጆች!» የሚል ድምፅ መጣ። መዥገሩ በደስታ ተንጠራርቶ ወደ ማዶ አየ። ወዲያው የመለሰችለት ወፍ በርራ አጠገቡ አረፈች። ከከብት ላይ መዥገር እየለቀመች የምትኖር ወፍ ናት፤ እሱ ግን ወፍ አይቶ አያውቅም።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ለመሆኑ እዚያ ማዶ ነዋሪ አለ?»

«እስከ ዛሬ ነበረ» አለች ወፏ፣ መንቁሯን በበሬው ፀጉር እየጠረገች። «እነሱም እንዳንተው ወደዚህ ‹ቤቶች!› ሲሉ ነው የኖሩት። ድምፃችሁ እርስ በርስ ባይደርሳችሁም ለእኔ ይደርሰኛል።»

ያን ማታ ሁለቱም በሬዎች በጊዜ እንቅልፍ ወሰዳቸው።